የበረኛው ዋስ

ባለፈው ሰኞ የጎረቤቴ ልጅ ዮናስ አንኳኩቶ ገባና ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያርገበግብ ጀመር። ኳስ ይጫወትበት የነበረው ኮሌጅ የበረኞች አሰልጣኝ አድርጎ ሊቀጥረው ነው። "አባባ፣ ዋስ አምጣ አሉኝ። እርስዎ ይሁኑኝ" አለ። ሻይ ልቀዳለት ብድግ ብዬ ለምን እንደተነሳሁ ጠፋኝ። ሰው ያረጃል እንጂ እግር አያረጅም መሰለኝ፤ ተመልሼ ስቀመጥ የእኔም ከጠረጴዛው ሥር መርገብገብ ያዘ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ሰበታ ሳለሁ፣ እኔም እንደሱ ነበርኩ። እዚያ የሚገኝ ኮሌጅ ቡድን በረኛ ሆኜ ስጫወት ጉልበቴ ሲያመኝ ከርሞ በመጨረሻ እምቢ አለ። ከዚያ በአባቴ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ መዋል ጀመርኩ። አቡጀዲ ስለካ ከውጭ ኳስ ሲመታ ከሰማሁ የክንዱ ልክ ይሳሳትብኝ ነበር።

አንድ ቀን የቡድኑ አሰልጣኝ ጋሽ ወርቁ ሱቁ ድረስ መጣ። "በረኞቹን አንተ አሰልጥንልኝ። ተፈቅዷል፤ እስከ ዓርብ ዋስ ይዘህ ና" አለኝ። ዋሱ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ጥዬ ብሄድ የሚጠየቅ ሰው ነው። አባቴ መቀሱን እንኳ ሳያስቀምጥ "ሥራ ስትይዝ ዋስ እሆንሃለሁ። ኳስ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?" አለ። አጎቴም ከአባቴ ቃል አልወጣም።

ክረምት ነበር፤ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ቤት መቀመጥ አቅቶኝ የጅማን መንገድ ሽቅብ ቁልቁል ስል ሰነበትኩ። የገዛሁት የበቆሎ ጥብስ ሳልጨርሰው እጄ ላይ ይቀዘቅዛል። ሐሙስ ከሰዓት ኦቦ ቶሎሳን ከሩቅ አየሁና መንገድ ልሻገር ቸኮልኩ። ከጎሉ ጀርባ ያለው የጤፍ ማሳ የሳቸው ነው። ኳስ በገባ ቁጥር ዱላ ይዘው ያባርሩን ስለነበር እንደሚጠሉኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

"ኮቱ፣ ወዲህ ና፣ አንተ በረኛ" ብለው ጠሩኝ። ቀረብኩ። "ዋስ አጣ ሲሉ ሰማሁ። እኔ እሆንሃለሁ።"

"እርስዎ? ኳስ አይወዱም እኮ፣ ኦቦ።"

"ኳስማ አልወድም። ሌሎቹ ኳስ ሊያወጡ ጤፌን ረግጠው ይገባሉ። አንተ ግን ጉልበትህ ታሞ እያነከስክ እንኳ በማሳው ድንበር ትዞር ነበር። አይቻለሁ።"

ዓርብ ጠዋት ካፖርታቸውን ደርበው ኮሌጁ ቢሮ መጡና አሻራቸውን አኖሩልኝ።

ሥራውን ያዝኩ። ግን ጎል አጠገብ ቆሞ ሌላው ሲወረወር ማየት ቀላል አይደለም። ኳስ ሲመታ ሰውነቴ ቀድሞኝ ይሄዳል፤ ማታ ቤት ስገባ ሳልጫወት ይደክመኛል። መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ አንድ የአዲስ አበባ ክለብ "እኛ ጋ መጥተህ በረኞቻችንን አሰልጥን" ብሎ ላከብኝ። ለማንም ሳልነግር ማለዳ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወደ አውቶቡስ መቆሚያው አመራሁ።

በማሳው በኩል ሳልፍ ኦቦ ቶሎሳ ጤፋቸውን ሲያርሙ ደረስኩ። "አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ" አልኳቸው አንገቴን ደፍቼ። ሻንጣውን አዩት።

"አዲስ አበባ?"

"አዎ፣ ኦቦ።"

የእጃቸውን ጭቃ ጠረጉ። "ይቅናህ። ሲጠይቁኝ እኔ መልስ እሰጣለሁ" አሉና ወደ አረማቸው ጎንበስ አሉ።

ቢቆጡኝ ኖሮ እሄድ ነበር። ግን ያንን ካፖርት ደርበው፣ ቢሮው ደጃፍ ቆመው፣ ስለ እኔ ሲጠየቁ ታየኝ። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። እኔ አልተሳፈርኩም።

አልዋሽም፣ ያን ዓመት በቁጭት ነው የጨረስኩት፤ ኦቦ ቶሎሳንም በልቤ ረግሜያቸዋለሁ። ክለቡ ዳግመኛ አልጠራኝም። ያሰለጠንኳቸው በረኞች ግን ኳስ ሊያወጡ ሲሄዱ ሁሉም በድንበሩ ይዞሩ ነበር።

ዮናስ አሁንም እግሩን እያርገበገበ "አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ የተሻለ ቦታ ቢጠሩኝ የምቆይ አይመስለኝም" አለ።

"ከሄድክ ይቅናህ። ሲጠይቁኝ እኔ መልስ እሰጣለሁ" አልኩት።

እግሩ መርገብገቡን ተወ። በማግስቱ አብረን ሄደን ፈረምኩለት። ስንመለስ ደስ ብሎት ከፊቴ ከፊቴ ይራመድ ነበር፤ እኔን ግን አሳዘነኝ። በምን ገመድ እንዳሰርኩት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።