ከጁባ ወደ ረጃፍ፦ የዳዊትን ጎመን ፍለጋ

ነሐሴ 2009፣ የጁባ ሰፈር ሃይ ማላካል። ንጋት

ብስክሌቴን ከምኖርበት ሆቴል ጓሮ ሳወጣ ወጥ ሠሪዋ ሰብለ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ወንድሟ ዳዊት ከወንዙ ማዶ፣ ረጃፍ አጠገብ፣ ለሐበሻ ምግብ ቤቶች ጎመን ያለማል። ፍልሰታ ከገባ ወዲህ አንድ ጆንያ አልላከም፤ ስልኩም ዝግ ነው።

«መጀመሪያ ስደብልኝ፤ ከዚያ ይዘኸው ና» አለችኝ። ድምጿ ግን የስድብ አልነበረም።

ድልድዩ

ነጩ ዓባይ ሞልቷል፤ ቅርንጫፍና ጀሪካን እያንከባለለ ይወርዳል። ቦዳቦዳ የሚባሉት የሞተር ታክሲ ነጂዎች ሞተራቸው ላይ ተጋድመዋል።

«ሀበሺ! ሞተር መግዣ አጣህ?»

«እናንተስ ቤንዚን መቼ አገኛችሁ?»

ሳቁ። ድልድዩን የሚጠብቀው ወታደር ጎማዬን በአውራ ጣቱ ተጫነ፣ ዳቦዬን ገምሶ ግማሹን ወሰደና አሳለፈኝ።

ረፋድ፣ የወንዙ ዳር

ቀይ ጭቃው ጎማ ይይዛል። ብስክሌቱ እኔን ከተሸከመኝ እኔ እሱን የተሸከምኩት ይበልጣል። በስተቀኝ ወንዙ፣ ደሴቶቹ፣ አንድ የዓሣ አጥማጅ ታንኳ፤ ከፊት የረጃፍ ተራራ ለብቻው። በስተግራ ከጦርነቱ የተረፉ፣ ጣሪያና በር የሌላቸው ቤቶች። ማንጎው ከነጥላው ቆሟል፤ ከሥሩ የሚቀመጥ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ውበት ያናድዳል። ግጥም ሞከርኩ፤ ሁለት ስንኝ ሳልሞላ ተውኩት።

እኩለ ቀን፣ ማሳው

ጎመኑ ለምልሟል፤ አረሙም ተነቅሏል። አለ ማለት ነው። «ዳዊት!» ብዬ ተጣራሁ።

ብቅ ያሉት መሬቱን ያከራዩት አሮጊት ናቸው። «ማፊ» አሉኝ። የለም ማለት ነው፤ ጁባ ውስጥ ስኳር ሲያልቅም፣ መብራት ሲጠፋም የምንሰማው ይህንኑ ነው። እጄን ይዘው ከጎመኑ መደብ ጀርባ ወሰዱኝ። የመቃብሩ አፈር ገና አልጠበቀም። ወባ ነው። መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ ሐኪም ጋ የሚያደርሰው ጠፋ። በአንድ ሹፌር መልእክት ልከው ነበር፤ እኛ ጋ አልደረሰም።

ስነሣ ጎመን ቆርጠው አንድ ጆንያ ሞሉልኝ። «የተከለው እሱ ነው፤ ለሰዎቹ አድርስላቸው።»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ጆንያውን ጥዬ ብመጣ ይሻል ነበር።

ምሽት፣ ሃይ ማላካል

ሰብለ ያየችው ጆንያውን ነው። እልል አለች።

«ይሄ ኩራተኛ! ራሱ አይመጣም?»

«መንገዱ... ጭቃ ነው» አልኳት።

የሆቴሉ ባለቤት ጋሽ ኃይሉ ፊቴን አይተው ወደ ጓሮ ሳቡኝ። ነገርኳቸው።

«መርዶ በምሽት አይነገርም። ማለዳ ያገሯን ሰዎች ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ እሷ እንዳትጠረጥር። የምታቀርብልህን ብላ።»

ሰብለ ጎመኑን በቃሪያ ሠርታ አቀረበች። ስበላ ቆማ ታየኛለች።

«እንዴት ነው የወንድሜ ጎመን?»

«ይጣፍጣል» አልኳት። ጨመረችልኝ።