የጋሼ እርሳስ ፊቶች

አርታኢዋ ፖስታውን ከፍታ የሥዕል ታሪኩን ገጾች ስታይ ክው አለች። ከጣሪያ ጣሪያ የሚዘለው ጎልማሳ ጀግና የአሮጊት ፊት አለው። እሺ፣ ይሁን። ግን ሌባውም ያንኑ ፊት ይዟል። ፖሊሱም፣ ዳኛውም፣ ሌላው ቀርቶ አልጋ ላይ የሚያለቅሰው ሕፃን ሳይቀር ያንኑ ሰፊ ግንባርና ያንኑ የተሸበሸበ ጉንጭ ተሸክሟል። አካሉ፣ ልብሱ፣ ሩጫው እንከን የለውም፤ የጋሼ እርሳስ እጅ ለመሆኑ ጥርጥር የለም። ፊቱ ግን ጉድ እኮ ነው!

ጋሼ እርሳስ ማለት ትንሽ ትልቁ ኮሚኩን፣ ማለትም የሥዕል ታሪክ መጽሐፉን፣ ሲሻማለት የኖረ አንጋፋ ሠዓሊ ነው። የድሮው አሳታሚ ቤት ሥራህ ቀዝቅዟል ብሎ ሲያሰናብተው፣ እኔ አለሁለት ብላ ወደ አዲሱ ቤት ያመጣችው እሷ ናት፤ ማንበብ የለመደችው በማን መጽሐፍ ሆነና! አለቃዋን ግን ሽማግሌው ገና ከጅምሩ አልጣመውም። አለቃው ገጾቹን አገላበጠና፣ ይሄ ቀልድ በዚህ ሳምንት ካልተስተካከለ መጽሐፉም ይቅር፣ አንቺም ሌላ ሥራ ፈልጊ አላት።

ብው እንዳለች ሠዓሊው ቤት ሄደች። የምትናገረውን መንገድ ላይ ስታሰላስል ነበር የመጣችው፤ በሩ ሲከፈት ግን ሁሉም ብን ብሎ ጠፋባት። በሩን የከፈተላት ሌባው ነው። ዳኛውም፣ ሕፃኑም። ያው ግንባር፣ ያው ጉንጭ ያላት ሴትዮ ግድግዳውን እየዳበሰች ማን ልበል አለቻት። ዓይኗ አያይም።

የሠዓሊው ሚስት ናት። አስገብታ አስቀመጠቻትና ነገሩን ሳትደብቅ አወራቻት። ባሏ ዕድሜ ልኩን ፊት ስሎ አያውቅም። አካሉን፣ ቤቱን፣ መንገዱን ይስልና የፊቱን ቦታ ባዶ ትቶ ወረቀቱን በጠረጴዛው ማዶ ይገፋላታል፤ ፊቱን የምትሞላው እሷ ነበረች። ስሟ አንድም ቀን ሽፋን ላይ ወጥቶ አያውቅም። ዓይኗ ሲጠፋ ሥራውም አብሮ ቀዘቀዘ። አርታኢዋ ልጅ ሳለች የወደደቻቸው ፊቶች ሁሉ ለካ የዚች ሴትዮ የእጅ ሥራ ነበሩ!

"አሁንስ ፊቱን እንዴት እያደረገው ነው?" አለች ሚስትየው። "ስጠይቀው ይሸሸኛል። እውነቱን ንገሪኝ ልጄ።"

ሠዓሊው ከጓዳ ወጥቶ ከሚስቱ ኋላ ቆሞ፣ እንዳትነግራት በእጁ ይለምናል። አርታኢዋ ዓይኗን ከሱ መለሰች።

"ሁሉም አንድ ነው፣ እትዬ። የርስዎ ፊት ነው።"

"የሌባውም?"

"የሌባውም።"

ሠዓሊው አንገቱን ደፍቶ፣ እጄ ሌላውን እምቢ አለኝ፣ የማውቀው ይሄን ብቻ ነው ብሎ አጉተመተመ። ሚስትየው በሳቅ ፍርስ አለች። ለሌባው እንኳ ጢም ብታደርግለት ምን ነበረበት፣ አንተ የማትረባ፣ ብላ እጁን ይዛ ወደ ጠረጴዛው ጎተተችው። ከዚያ የድሮ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ታዘው ጀመር፤ የሌባው አፍንጫ ይጣመም፣ የዳኛው ዓይን ይጥበብ፣ የሕፃኑ ጉንጭ ይሞላ እንጂ። እሱ ያጠፋል፣ ይስላል፤ አርታኢዋ አጠገባቸው ቆማ የወጣውን ትነግራታለች።

ጀግናው ብቻ ቀረ። ሠዓሊው ላጲሱን አነሳና፣ የጀግናውስ ፊት ምን ይሁን ብሎ ጠየቃት። ሚስትየው እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ዳበሰችው።

"እሱን እንዳለ ተወው" አለች።