የጋሽ እምሩ ምስጋና

ጡረተኛው መምህር ጋሽ እምሩ የሰው ምግብ በልተው ዝም ማለት አይሆንላቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ በአሜሪካ፣ በሳን ሆዜ ከተማ የሕዝብ ኬብል ቻናል የአማርኛ ፕሮግራም ያቀርባሉ፤ ምግብ ቤት ያላት ተናኘ ደግሞ ለእሳቸውና ካሜራ ለሚይዙት በጎ ፈቃደኞች ሁሉ ምሳ ትልካለች። እሳቸውም ፕሮግራሙን ሲዘጉ፣ «የተናኘ ክትፎ ልዩ ነው፤ ሂዱና ቅመሱ!» ይላሉ።

የጣቢያው ኃላፊ ቢታንያ ጠራቻቸው። «ጋሼ፣ ስሟን ጠርተው ማመስገን ይችላሉ። ሂዱ ማለት ግን ማስታወቂያ ነው፤ በሕዝብ ቻናል ክልክል ነው።»

ጋሽ እምሩ ሕግ አክባሪ ናቸው። በሳምንቱ፣ «ተናኘን ስለ ክትፎው አመሰግናለሁ» አሉና ጣታቸውን ቀሰሩ። «ማንም ሰው ግን እንዳይሄድ! ሕጉ አይፈቅድም!»

እሑድ የተናኘ ደጅ በሰልፍ ተጨናነቀ። ጋሽ እምሩ ደርሰው ይህን ሲያዩ፣ «እናንተ ሰዎች ሕግ አይገባችሁም እንዴ!» ብለው ሊቆጡ ወደ ፊት ገሰገሱ። ከሁሉም ፊት የቆመችው ቢታንያ ነበረች።