በጎረቤቴ ቤት ያለቀስኩት ለቅሶ

የንፍፊት ካንሰር ሕክምናዬን ስከታተል፣ በየዙሩ መድኃኒቱ በደም ሥሬ ከተሰጠኝ በኋላ ለጥቂት ቀናት የምውጠው ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ነበረኝ። ክኒኑን በምውጥባቸው ቀናት በሽተኛ አልመስልም። የተገኘውን በልቼ ወዲያው ደግሞ ይርበኛል፤ ግቢውን አጥቤ ስጨርስ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ በእግሬ ተሻግሬ እስከ ከፊራ ገበያ ሄጄ እገበያለሁ። ፊቴ ሞልቶ ጉንጬ ይቀላል። የሰፈር ሰው "አቦ አማረብሽ! እውነት ታመሻል?" ሲለኝ ደስ እያለኝ አፍር ነበር፤ የሰው ልብስ ለብሼ የተመሰገንኩ ይመስለኛል።

ክኒኑ ሲያልቅ ሁሉም ይገለበጣል። አጥንቴን ይቆረጥመኛል፣ ጭኔ ይዝላል፣ ሆዴ ያለ ምክንያት ይባባል። ባለቤቴ "ሻይ ላፍላልሽ?" ቢለኝ እንኳ አለቅሳለሁ። ከክኒኑ መቋረጥ የሚመጣ መሆኑን አላውቅም ነበር። ጸባዬ የተበላሸ ስለመሰለኝ ለሐኪሙም አልተናገርኩም።

እንዲህ ባለ ቀን ነው አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ባሏ የሞተው። ሶማሌ ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ግን አንቱ ስላት ትቆጣለች።

"እኔ ለሁለታችንም እደርሳለሁ፤ አንቺ ቅሪ" አለኝ ባለቤቴ።

"የአጥር ጎረቤቴ ባሏ ሞቶ ልቅር?" ብዬ ተነሳሁ።

ሴቶቹ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤቴ ጥግ ፍራሽ ላይ ሆና፣ ዓይኗ ደርቆ፣ የመጣውን ሁሉ ትቀበላለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። "አላህ ያጥናሽ" ልላት አፌን ስከፍት ለቅሶው ቀደመኝ። ትከሻዬን እየናጠ ይወጣል፤ ድምፄን መያዝ አልቻልኩም። እነሱ ዘንድ ለሟች ጮኾ ማልቀስ እንደማይወደድ አውቃለሁ። በሶማሊኛ ሲያወሩ የነበሩት ወሬያቸውን አቋርጠው ዞረው አዩኝ። አንዲት አሮጊት "ሰብር አድርጊ ልጄ፣ ቻል አድርጊው" አሉኝ። ጎረቤቴ እጄን ይዛ ታባብለኝ ጀመር። ባሏን የቀበረችው እሷ፣ የምባበለው እኔ! ለሟቹ እንዳላለቀስኩ ደግሞ አውቀዋለሁ።

ቶሎ ልውጣ ብዬ ለመነሳት ሞከርኩ። ምንጣፉን ተደግፌ ብገፋ መቀመጫዬ ከመሬት አልላቀቅ አለ። ደግሜ ስሞክር ሻሼ ወደቀና ፀጉር የሌለው ራሴ ተገለጠ። የማንንም ፊት ማየት አልቻልኩም።

"ቆይ አቦ፣ ቆይ" አለችና ጎረቤቴ ራሷ ከፍራሿ ተነሳች። እጇን በብብቴ አስገብታ እንደ ሕፃን አነሳችኝ። ሻሼን አሰረችልኝ፤ እስከ በሩ ደግፋ ሸኘችኝ። ቤቴ ገብቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ነርሷ "ክኒኑ ሲያልቅ እንዴት ያደርግሻል?" ብላ ጠየቀችኝ። አንገቴን ደፍቼ ነገርኳት።

"ጸባይሽ አይደለም እኮ" አለችኝ። "ሰውነትሽ ክኒኑን ለምዶ ድንገት ሲያጣው ነው። ምነው እስከዛሬ ዝም አልሽ?"

ለሐኪሙ ነገረችው። እሱም ከዚያ ወዲያ ክኒኑን በአንዴ ከማቆም ቀስ በቀስ እየቀነስኩ እንድጨርስ አዘዘልኝ። ድካሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ሰው ሳይደግፈኝ መነሳት ቻልኩ፤ እንባውም ቀነሰልኝ።

ጎረቤቴን ግን ሸሸኋት። ድምፅዋን ከአጥሩ ወዲያ ስሰማ ወደ ቤት እገባለሁ። የሐዘን ወራቷን ጨርሳ ከቤት መውጣት ስትጀምር፣ እሷው ሾርባ ይዛ መጣች። መደበቂያ አጣሁ።

"ያን ቀን ለባልሽ አልነበረም ያለቀስኩት" አልኳት መሬት መሬቱን እያየሁ። "የመድኃኒት ነገር ነው።"

"ወላሂ አውቃለሁ" አለች። "መኪናውን በርሽ ላይ እያቆመ ስንቴ ተጨቃጨቃችሁ! አንቺ ነሽ ለእሱ እንዲያ የምታለቅሺው?"

ስትስቅ እኔም ሳቅኩ። ሾርባዋን እየጠጣሁ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።