ፈንቴ ውሃ የተከለከለ ሰሞን

ፈንቴን ለማያውቀው ልንገረው፤ ለሰሊጥ አጨዳ በየዓመቱ ከጎጃም ወደ ቆላዋ ከተማችን ኮኪት የሚወርድ ጨዋ፣ ሳቂታ ጎልማሳ ነው። ሻይ ቤቴ ስንቱን ሠራተኛ አስተናግዷል፤ እንደሱ «እትዬ ዘሀቢያ፣ ልጆች ደኅና ናቸው?» ብሎ ሳይጠይቅ የማይቀመጥ ግን አላየሁም። የታጨደውን ሰሊጥ አስሮ ሲያቆም እጁ ፈጣን ነው፤ ምግብ ላይም እንደዚያው ነው፣ አላህ ይባርከው!

አምና ከጭነት መኪና ላይ በጭንቅላቱ ወደቀ። ጥቂት ተኛና «ደኅና ነኝ» ብሎ ማሳ ገባ። ከዚያ በኋላ ውሃ ጥም ያዘው። ጠጣ አይባልም ወላሂ፣ ይገለብጠዋል እንጂ! ጠጥቶ ሳይጨርስ ለሽንት ወደ ጥሻው ይሮጣል፤ ተመልሶ ደግሞ ጀሪካኑን ያነሣል። ጓደኞቹ በርጥብ ኬሻ ጠቅልለው ያስቀመጡትን የጋራ ውሃ ብቻውን ይጨርሰው ጀመር። ስኳር ሳይሆን አይቀርም ተባለና ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ስኳሩ ግን ደኅና ሆኖ ተገኘ።

የሠራተኞቹ አለቃ አዛናው የፈንቴ የአክስት ልጅ ነው፤ ከአንድ ገበታ በልተው ነው ያደጉት። መላውን ያመጣው እሱ ነው። አልጋ ላይ የሚሸና ልጅ ማታ ማታ ውሃ ይከለከል የለ? ፈንቴንም በዚያው ሊያድነው አስቦ ውሃ ከለከለው። አዛናው ታላቁ ነውና ፈንቴም እሺ አለ። አዛናው ክፋት አልነበረበትም፤ የራሱንም ድርሻ ትቶ አብሮት ተጠማ፣ ሞኝ!

በማግስቱ ፈንቴን ተሸክመው እኔ ዘንድ አመጡት። ዐይኑ ጎድጉዷል፣ ምላሱ ከትናጋው ተጣብቋል፣ እናቱን እየጠራ ይቃዣል። ብርጭቆ ሳነሣ አዛናው እጄን ያዘኝ።

«እትዬ፣ እባክዎ አይስጡት። ትንሽ ቢታገሥ ሽንቱ ይቆምለታል።»

ያስተኙበትን ፍራሽ ብዳስሰው ርሷል። ሽንቱ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ጥርት ያለ ውሃ! ደሜ ፈላ።

«አንተ ሰው፣ ጠብታ ሳይቀምስ ይሄ ከየት መጣ? ከገዛ ሰውነቱ እያለቀ እኮ ነው! ልትገድለው ነው እንዴ?» ብዬ ጮኽኩበት።

አዛናው ፍራሹን ነካና ክው አለ። ትንሽ ትንሽ እያጠጣነው በተገኘው መኪና ጎንደር ሆስፒታል ገባን።

ሐኪሟ መርምራ ስታበቃ አስረዳችን። «ደማችን ውሃ ሲያንሰው አንጎል ቫሶፕሬሲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፤ ኩላሊት ያን ሲያገኝ ውሃውን ይይዛል። ፈንቴ ሲወድቅ ሆርሞኑን የሚለቀው ቦታ ተጎድቷል። ኩላሊቱ ደኅና ነው፤ ውሃውን ያዝ የሚለው ትእዛዝ ነው የማይደርሰው» አለች። የጎደለውን የሚተካ መድኃኒት እንዳለም ነገረችን። «እስካሁን ያቆየው ያ ሁሉ የሚጠጣው ውሃ ነው» ስትል አዛናው ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔም ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር፤ አንጀቴን በላውና ተውኩት።

መድኃኒቱ ተጀምሮለት ፈንቴ ልቡ ሲመለስ «ውሃ» አለ። ብርጭቆውን ዘረጋሁለት። ራሱን ነቀነቀብኝ። አዛናው በሩ ሥር ቆሟል፤ ቀና ብሎ ማየት አቅቶታል።

«እሱ ያጠጣኝ» አለ ፈንቴ።

አዛናው ቀርቦ ብርጭቆውን ተቀበለኝ። ሊያጠጣው ሲቸኩል ግማሹን ደረቱ ላይ አፈሰሰበት። ፈንቴም የቀረውን ጠጣለት።