ከጉልበት የማያልፍ ዛፍ

ኢዮሲያስ የተቀበረበት ቦታ ላይ የበቀለውን ጥድ የቆረጡት ከመስቀል በዓል በኋላ በነበረው ሳምንት ነው። እናቱ ትርንጎ ከመጀመሪያው የመጥረቢያ ድምፅ እስከ መጨረሻው ቆማ አየች። ዛፉን የተከለችው እሷ ናት፤ የልጇ አርባ በወጣ ማግስት፣ ከምትሠራበት ችግኝ ጣቢያ በላስቲክ ይዛ መጥታ። ቦንጋ ላይ ዝናቡ አይሰስትም፣ አፈሩም አይሰስትም። ጥዱ በስምንት ዓመት ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በላይ ወጣ። ሥሩ ግን ወደ ጎን ሄዶ የጎረቤቱን መቃብር ሐውልት ከመሃል ሰነጠቀው። ያም የጋሽ ገብረኪዳን አባት ሐውልት ነበር።

ጋሽ ገብረኪዳን ገበያው አጠገብ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው ሰው ሲሆን በሰበካ ጉባኤውም አባል ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ግንዱ ሲወድቅ አጠገቧ መጥቶ ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ትርንጎዬ፣ አትቀየሚኝ። የአባቴ ራስጌ ተከፍቶ ዝናብ ሲገባበት እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።»

«ምን አልኩ ጋሼ? ቁረጡት ብያለሁ እኮ።»

«አፍሽማ ብሏል። ዓይንሽ ነው የሚረግመኝ።»

«ዓይኔ ውስጥ ሰጋቱራ ገብቶ ነው።»

ጥዱ ለጥላ ወይም ለውበት ብቻ የተተከለ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በመቃብር ሞልቷል። በሲሚንቶ መቃብር ማሠራት ከተከለከለ ቆይቷል፤ ሰባት ዓመት ያለፈው፣ ምልክት የሌለው መቃብር ደግሞ ተከፍቶ ሌላ ሰው ይቀበርበታል። የኢዮሲያስ ምልክት ያ ዛፍ ብቻ ነበር። ሰዎች እንኳ «ጥዱ ያለበት ልጅ» ነበር የሚሉት። ጉባኤው መክሮ የመጨረሻ ቃሉን በጋሽ ገብረኪዳን አፍ ላከላት፦ እስከሚመጣው መስቀል ድረስ ከጉልበት በላይ የማያድግ፣ ሥሩም የማይዘምት፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነ ተክል ካጸደቀች ቦታው የልጇ ሆኖ ይቀራል። ካልሆነ ተራ ለያዘው ሟች ይሰጣል።

«አበባ ብተክልስ?» ብላ ጠየቀች።

«አበባውን ሣር አጫጆቹ አብረው ያጭዱታል። የጥብስ ቅጠል እንዳትዪኝ ደግሞ፤ ባለፈው አንዷ ተክላ ማኅበርተኛው ሁሉ ለወጡ ቀንጥቦ ጨረሰው።»

ትርንጎ ሳታስበው ሳቀች።

ትርንጎ የተወለደችው ከሺሺንዳ ወረድ ብሎ ባለ የገበሬ መንደር ነው። ባሏ ወርቅ ፍለጋ ብሎ ወደ ዲማ ወጣና ሳይመለስ ቀረ። ሞቷል የሚልም አለ፣ ሌላ አግብቷል የሚልም አለ። እሷ አንድ ልጇን አዝላ ቡና ችግኝ ጣቢያ ተቀጠረች። ሥራው ከዳስ ሥር ተቀምጦ የጫካ አፈር በላስቲክ መሙላት፣ ዘር መዝራት፣ ውኃ ማጠጣት፣ ዳሱ ሲሳሳ በሣርና በኮባ ቅጠል መጠገን ነው። ዕድሜዋ በዚያ ጥላ ሥር አለቀ። ከእጇ የወጣው ቡና ዛሬ በየሰው ጓሮ ያፈራል። ኢዮሲያስን ግን በጥላ ሥር ልታቆየው አልቻለችም። የጭነት መኪና ረዳት ሆነ፤ መኪናው ከዋጫ ማዶ ቁልቁለት ላይ ሲገለበጥ ከላይ ጭነቱ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ስለ አንድ ድንክ ጥድ የነገራት እስክንድር ነው። እስክንድር ከጉና ተራራ ሥር መጥቶ በቦንጋ የደን ባለሙያ ሆኖ የሚሠራ፣ ከትርንጎ ጎረቤት ቤት የተከራየ ወጣት ነው። ነገሩን ከሰማ በኋላ አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣና ፎቶ አሳያት። በድንጋዮች መሃል እንደ ተኛ በግ ክብ ክብ ብለው የተቀመጡ ጥቁር አረንጓዴ ተክሎች ነበሩ።

«ይኼ የፈረንጅ የተራራ ጥድ ነው እትዬ። ድንክ ነው። ወደ ጎን ይሰፋል እንጂ ወደ ላይ አይቸኩልም።»

«ሰነፍ ነዋ!»

«ሰነፍ አይደለም። አገሩ ነፋስና በረዶ ስለሚጫነው ጎንበስ ብሎ መኖር የለመደ ነው።»

«እንግዲያው ዘመዴ ነው» አለች ትርንጎ።

በኅዳር ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ከአትክልት ሻጮች ሦስት ችግኝ ይዞላት መጣ። መርፌ የመሰለው ቅጠላቸው ጥንድ ጥንድ ሆኖ የበቀለ ነው፤ ሲነኩት የሙጫ ሽታው እጅ ላይ ይቀራል። አንደኛው በመንገድ ላይ ላስቲኩ ተቀዶ አፈሩ ረግፎ ነበር።

እስክንድር ሲሰጣት ደጋግሞ ነገራት። «ጥላ አያድርጉበት። ውኃ አያብዙበት። እግሩ ሥር ቅጠል አይከምሩ። ፀሐይና ጠጠር ነው የሚወደው።»

«እሺ ልጄ» አለችው።

አላመነችውም። ደግ ልጅ ነው፤ ግን ችግኝ በእጁ አላሳደገም። ያለ ጥላ የሚያድግ ችግኝ ምን ዓይነት ነው? ሕፃን ልጅ ራቁቱን ፀሐይ ላይ ይጣላል? ደህና የሆኑትን ሁለቱን መቃብሩ ላይ ጉድጓድ ቆፍራ በጥቁር አፈር ተከለቻቸው። ከላያቸው አራት ችካል ተክላ ዳስ ሠራች። እግራቸውን በበሰበሰ የኮባ ቅጠል አለበሰችው። ጠዋት ከኪዳን ስትወጣ ውኃ ታጠጣለች። ላስቲኩ የተቀደደውን ሦስተኛውን ግን የሚድን ስላልመሰላት በአሮጌ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ከጠጠርና ከአሸዋ ጋር አቁማ ልብስ ከምታጥብበት ድንጋይ ላይ አስቀመጠችውና ረሳችው።

ጥምቀት ሲያልፍ ሁለቱ ቢጫ ሆኑ። እሷ የጠማቸው መስሏት ውኃውን ጨመረች። ዳሱንም አጠበቀችው። ቢጫው ቡናማ ሆነ። አንድ ቀን ቅጠሉን ገልጣ ስታይ ግንዳቸው ሥር ነጭ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል። ስትስባቸው ያለ ምንም ትግል ተነቅለው መጡ። ሥራቸው ጥቁር ነበር፣ ይሸታል።

ቤቷ ተመልሳ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። ቀና ስትል የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ያለውን ጣሳ አየች። ማንም ያላጠጣው፣ ማንም ያልጋረደው ሦስተኛው ጥድ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ነጣ ያሉ እንቡጦች አውጥቷል። ተነሥታ እስክንድርን በአጥሩ ላይ ጠራችው።

«ና እስቲ። ሳቅብኝ።»

እስክንድር አልሳቀባትም። በነጋታው ቅዳሜ ስለነበር አብሯት ሄደ። ጥቁሩን አፈር አንስተው ከወንዝ ያመጡትን ጠጠርና አሸዋ በመቃብሩ ርዝመት ልክ ደለደሉ፤ መሃሉ ከፍ ብሎ ጎንና ጎኑ ዝቅ እንዲል፣ ዝናብ ቢወርድ የሚሸሽበት እንዲያገኝ። ድንኩን ጥድ ከላይ፣ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት አንገቱ ከጠጠሩ በላይ ሆኖ ተከሉት። በራስጌው በኩል ሦስት ድንጋዮችን ግማሽ ድረስ ቀበሩ፤ የተጣሉ ሳይሆን የበቀሉ እንዲመስሉ። ዳሱን ትርንጎ ራሷ ነቀለችው።

ያ ጥድ በፋሲካ ሰሞን አምሮ ነበር። እንቡጦቹ ረዝመው ልክ እንደ ጧፍ ቀጥ ብለው ቆሙ። እስክንድር ያሳያትን ይዛ፣ ጧፎቹ መርፌያቸውን ሳይዘረጉ እያንዳንዳቸውን በጣቷ ከግማሽ ቀነጠበቻቸው፤ እንዲህ ሲሆን ዛፉ ከመርዘም ይልቅ ጥቅጥቅ ይላል። ጋሽ ገብረኪዳን ሲያልፍ ቆም አለ።

«ይኼ ነገር የሚመጣውን መስቀል የሚያይ ይመስላል።»

«አንተም እየው እሱም ይየው፣ ጋሼ።»

«አሜን። ደግሞ ከእኔ ይልቅ እሱ ነው ጤነኛ የሚመስለው።»

በሐምሌ ትርንጎን ታይፎይድ ያዛት። ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ ቆየ። ውጭ ዝናቡ ቀንና ሌሊት ይወርዳል። እስክንድርም በዚያ ሰሞን ለመስክ ሥራ ወጥቷል። ትቃዣለች፤ በቅዠቷም መሃል «ጥዱ» ትላለች።

የምታስታምማት አፀደ ነበረች። አፀደ በችግኝ ጣቢያው ከወጣትነቷ ጀምሮ አብራት የሠራች፣ ኢዮሲያስ ሲሞት መሬት ላይ አብራት የተኛች ጓደኛዋ ናት። ትርንጎ «ጥዱ» ባለች ቁጥር አፀደ እጇን እየያዘች «አይዞሽ፣ እኔ አለሁለት» ትላት ነበር። ቃሏንም ጠበቀች። ቀርከሃ አስቆርጣ ሄደች። ያን ዶፍ ዝናብ የሚከላከል ጥሩ ዳስ ሠራች፤ በሁለት እጥፍ የኮባ ቅጠል ከደነችው። ያ ሁሉ ራቁት ጠጠር ብርድ መስሎ ታያት፤ በቡና ገለፈትና በብስባሽ ሞላችው። በዕድሜዋ የምታውቀውን ጥሩ ነገር ሁሉ አደረገችለት።

ትርንጎ በእግሯ መሄድ የቻለችው ፍልሰታ ሲፈታ ነው። አፀደ ደግፋት እየሄደች መንገዱን ሙሉ ስታወራ ነበር። «ድንኳን ነው የጣልኩለት፣ ድንኳን! ንጉሥ የተቀበረ ነው የሚመስለው። ታያለሽ።»

ትርንጎ ዳሱን ከሩቅ አየች። ደርሳ ተንበረከከችና ቅጠሉን ገለጠች። ጥዱ የዛገ ብረት መስሏል። ቅርንጫፉን ስትነካው መርፌዎቹ በእጇ ላይ ረገፉ። ገለፈቱን ስትገፋው ከሥሩ ሙቀትና ያ የምታውቀው ሽታ ወጣ።

አፀደ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ምን ሆነ? ዝናብ እኮ አላስነካሁትም! ትርንጎ፣ ምን አደረግኩ?»

«ምንም አላደረግሽ።»

«እኔ ነኝ እንዴ?»

«አንቺ ምን አገባሽ? ከመንገድ ሲመጣም ሥሩ ተራቁቶ ነው የመጣው። እስክንድርን ጠይቂው።»

«ባልሸፍነው ኖሮስ?»

«ባትሸፍኚው ይብስ ነበር» አለች ትርንጎ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሆና ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነው። በማግሥቱ ለእስክንድር እውነቱን ነግራ እንዳያወጣ አስማለችው።

ገለፈቱን ጠርጋ ጠጠሩን አጥባ መለሰች። በየቀኑ ሄዳ ጫፎቹን ታያለች፤ አንዲት ቅርንጫፍ ላይ ጥቂት አረንጓዴ ነገር ቀርቶ ነበር። መስከረም ሲጋመስ ያቺ ቅርንጫፍም ደረቀች። መስቀል አልፎ ጋሽ ገብረኪዳን መጣ። ጎንበስ ብሎ ደረቁን ግንድ በሁለት ጣቱ ነካው።

«እስከ ኅዳር እንጠብቀው። አንዳንዱ ከሥሩ ያቆጠቁጣል።»

«ጥድ ከሥሩ አያቆጠቁጥም፣ ጋሼ። እንድዋሽህ አታድርገኝ።»

ጋሽ ገብረኪዳን የአባቱ ሐውልት ላይ ተቀመጠ። «ተራ የያዘ ሰው የለም አሁን። እስኪመጣ ያንቺ ነው» አለ።

በጥቅምት ባለተራው መጣ። ሄርሜላ የምትባል ከቢታ ገነት ታማ የመጣች ወጣት ቦንጋ ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። አገሯ እንዳይወስዷት በዚያ ሰሞን የጣለው ዝናብ ናዳ አውርዶ መንገዱን ዘግቶታል። አብራት የነበረችው እናቷ ተሾመች ብቻ ነበረች። ጋሽ ገብረኪዳን ሊነግራት ወደ ትርንጎ ቤት ሲመጣ ቃሉን ሳይጨርስ ተነሥታ አዲስ ነጠላ ከሣጥን አወጣች።

ቆፋሪዎቹ ወደ ታች ሲደርሱ ካህኑ ጸሎት አደረሱ። የኢዮሲያስ አጥንት ወጣ። የቀበቶው ዘለበት አልዛገም ነበር፤ ትርንጎ በእሱ አወቀችው። በነጠላው ራሷ ጠቀለለችው። በልጅነቱ ስታዝለው ከዚያ በላይ ይከብድ እንደነበር አሰበች። ቆፋሪው ተቀብሏት መልሶ ጉድጓዱ ውስጥ በአንድ ጎን አኖረው። ከዚያ ሄርሜላን አወረዷት። አፈሩ ተመለሰ።

ሕዝቡ ሲበተን ተሾመች ከአፈሩ አልነሣ አለች። የቦንጋን ሰው አንድም አታውቅም። ትርንጎ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እርስዎ ደግሞ የማን ነዎት?» አለቻት ተሾመች።

«እዚህ ልጅ አለኝ።»

«የት?»

ትርንጎ አዲሱን አፈር በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ተሾመች ተመለከተቻት፤ ቀስ ብላ ገባት።

«ምን ልትከልባት?» አለች ተሾመች። «አገሬ ሩቅ ነው። ስመጣ በምን አውቃታለሁ?»

«ምንም አይትከሉ። እኔ ያልተከልኩት የለም። ሲመጡ መጀመሪያ እኔ ቤት ይምጡ። ትርንጎ ብለው ይጠይቁ፤ አሳይዎታለሁ።»

«እርስዎ ባይኖሩስ?»

ትርንጎ ዞር ስትል አፀደ ከኋላቸው ቆማለች።

«አንቺ፣ ቦታውን ታውቂዋለሽ?»

«ዓይኔን ጨፍኜ እመጣለሁ» አለች አፀደ።

ትርንጎ ተነሣች። ተሾመችንም በክንዷ ይዛ አስነሣቻት። ዝናቡ እንደገና ማካፋት ጀምሮ ነበር። ወደ ቤት ግን አልወሰደቻትም። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር ድረስ ይዛት ሄደችና ፊቷን ወደ ውስጥ አዞረቻት፤ ከዚያ ከበሩ እስከ ልጆቻቸው ያለውን መንገድ ቀስ እያለች እንደገና አስኬደቻት።