ልጄና እንግሊዛዊቷ የፍቅር ደራሲ

ሚያዝያ 1986 እ.ኤ.አ.፣ ቅዳሜ ንጋት፣ ቢልመር፣ ሆላንድ

ከቤት ስንወጣ ገና አልነጋም። ረጃጅሞቹ ሕንጻዎች ጉም ለብሰዋል። ልጄ ሰብለ የነርስ ትምህርቴን አቋርጬ የፍቅር ልብ ወለድ ልጽፍ ነው ካለችኝ ወዲህ ቤታችን ሰላም አጥቷል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ወጣትን ያሰንፋል ባይ ነኝ። ሆኖም ስፍር ቁጥር የሌለው የፍቅር መጽሐፍ የጻፉ እንግሊዛዊት አሮጊት ሄግ መጥተው አንባቢዎቻቸውን ያነጋግራሉ ስትለኝ፣ እሳቸው ያሉትን ልንቀበል ተስማማን።

ረፋድ፣ ሄግ

በባቡሩ መስኮት ቀይና ቢጫ የአበባ እርሻ አለፈ። ሄግ ስንደርስ የተሳፈርንበት የከተማ ባቡር ሾፌር የት እንደምንሄድ ሲሰማ፣ ሚስቱ የሴትዮዋን መጽሐፍ እያነበበች ድንች እንደምታሳርር ነገረን። ሰብለን በዓይኔ ገረፍ አደረግኋት።

መጻሕፍት ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። ደራሲዋ ፀጉራቸው ነጭ፣ ጫማቸው ጠፍጣፋ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ነርስ ነበሩ፤ አሁን ቢከፋቸውም ቢደሰቱም ከቁርስ በፊት ይጽፋሉ። በመጽሐፎቻቸው ሁሉ ነርሷ ሐኪሙን ታገባለች። ከሬዲዮ በለቀምኩት እንግሊዝኛ ልጄ ትምህርቷን ታቋርጥ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ለምን ታቋርጣለች? እኔ የምጽፈውን ያገኘሁት ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ነው» አሉ።

ደረቴን ነፋሁ። ወዲያው ግን ልጄ የጻፈችውን አንብቤ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላነበብኩም አልኩ።

«ታዲያ በምን ፈረዱ?»



ማምሻ፣ ወደ ቤት

እዚያው ሄግ፣ ስኬቨኒንገን ወደብ ላይ ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ በልተን ተመለስን። ባቡር ውስጥ አንብቢልኝ አልኳት። እያፈረች ማንበብ ጀመረች። አንድ የሆላንድ ሐኪም አንዲት ሐበሻ ነርስን በጀልባ ላይ ላግባሽ ይላታል።

«ሽማግሌ ሳይልክ?» አልኩ።

«አባባ፣ ሰውየው እኮ ሆላንዳዊ ነው።»

«ልጅቷ የማን ናት? ይላክ እንጂ።»

ሳቀችና እስክሪብቶ አወጣች። የሰፈራችንን ቄስና አንድ አዛውንት የሆስፒታል ዘበኛ ለሽምግልና መረጥንለት። ቢልመር ስንወርድ በድርሰቱ ውስጥ የነርሷ አባት ለሽማግሌዎቹ ገና መልስ አልሰጠም ነበርና ነፋሱን ችለን ጣቢያው ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«ምን ይላል፣ አባባ?»

«ቶሎ እሺ አይልም። ያስመላልሳቸዋል።»

«በመጨረሻስ?»

«ትምህርቷን ስትጨርስ እሺ ይላል። እስከዚያ ግን ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት የወደደችውን ትሥራ።»

ሰብለ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ አንድም ቃል ሳትቀይር ጻፈችው።